ከሞላሌ ደብረ ብርሃን፦ እናቴን የሚያንገላታውን ፎርባይፎር ምን ላድርገው?

ልጅ ከሞላሌ | ጥቅምት 14፣ ከምሽቱ 2፡20

ሰላም ወገኖቼ። እዚህ መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ አነባለሁ፤ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

መኪናዬ ናፍጣ ነው። ባለ ሰባት መቀመጫ፣ ቻሲስ (የብረት መሠረት) ላይ የተሠራ፣ ማኑዋል ማርሽ። የኋላው ድፍን አክስል ነው (ሁለቱ ጎማ በአንድ ብረት የተያያዙ)፤ የተቀመጠውም በጥምዝ ሽቦ ሞላ ላይ ነው። ሌላ ሰው ከነዳው በኋላ ነው የገዛሁት፤ እኔ ጋ ሁለት ዓመት ሆነው። ስሙን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ስም ከተጠራ ወሬው ሁሉ የትኛው ይሻላል ወደሚለው ይሄድብኛል።

እናቴ የምትኖረው መንዝ፣ ከሞላሌ ወጣ ብላ ነው። ሰባ አልፏታል፤ ወገቧን ያማታል። በየወሩ ደብረ ብርሃን ሐኪም ዘንድ አመጣታለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ትንሽ ድልድይ አፍ ላይ ስንደርስ የኋላው ተነሥቶ ዷ ብሎ ወረደ። «ውይ ልጄ» አለች። ከዚያ በኋላ ጣርማበር እስክንደርስ ቃል አልተነፈሰችም። በመስታወት ሳያት ጋቢዋን አጣጥፋ ወገቧ ሥር ወትፋ ዓይኗን ጨፍናለች። ያን ቀን መኪናውን ጠላሁት።

ጠባዩን ልንገራችሁ። ጠጠር ላይ እያንዳንዷን ድንጋይ ይቆጥራል። ከኋላ በግራ በኩል የሚያንኳኳ ነገር አለ፤ ቀስ ስል ይብሳል እንጂ አይቀንስም። አስፋልት ላይ 80 ሲደርስ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። የሚገርመው፣ አንዳንድ ሳምንት ጭራሽ የለም። ደብረ ብርሃን ያደርን ቀን ደግሞ ጠዋት አልነሣ ይላል፤ ሲነሣም ግቢው ነጭ ጭስ በጭስ ይሆናል።

አንድ ጋራዥ ብወስደው አራቱም ሾክ (የሞላውን ንጥረት የሚያበርደው) ይቀየር አሉኝ። በክሪክ ሳያነሡት፣ ሥሩን ጎንበስ ብለው እንኳ ሳያዩ። ዋጋውን ስሰማ ይዤው ተመለስኩ። ሾኩን ልቀይር? ወይስ ሸጬው ልገላገል?

ቁልፍ 14 | ጥቅምት 14፣ ከምሽቱ 3፡05

ወንድሜ፣ እናትህን እግዚአብሔር ይማርልህ። ደብረ ብርሃን መካኒክ ነኝ።

ሾኩን ለጊዜው ተወው። ጎማህ ውስጥ ስንት አየር አለ? ነገ ጠዋት መኪናው ሳይንቀሳቀስ ለካው። ጎማው ባለ ስንት ፕላይ (የጥንካሬ ደረጃው ነው) እንደሆነም ጎኑ ላይ አንብብልኝ። እዚያው ጎኑ ላይ፣ ትንሽ ሞላላ ክብ ውስጥ፣ አራት አኃዝ ያለው ቁጥር አለ። እሱንም ጻፍልኝ።

ልጅ ከሞላሌ | ጥቅምት 15፣ ከጠዋቱ 1፡10

ለካሁት። አራቱም 44 ፒ.ኤስ.አይ. ነው። ጎሚስታው «መንገድህ ጠጠር ነው፣ ጠንከር ይበልልህ» ብሎ ነው የሞላው። ባለ 10 ፕላይ ነው። ቁጥሩ 3116 ይላል።

ቁልፍ 14 | ጥቅምት 15፣ ከጠዋቱ 1፡40

እንግዲህ ግማሹ መልስ እዚሁ ተገኘ።

የመኪና የመጀመሪያው ሞላ ጎማው ነው። ድንጋዩን ቀድሞ የሚቀበለው እሱ ነው። ባለ 10 ፕላይ ለጭነት የተሠራ ስለሆነ ጎኑ ወፍራም ነው። እሱን 44 ስትሞላው እንደ ግንድ ይሆናል። ምቱ ጎማው ላይ አይበርድም። ወደ ቡሹ (ብረቶቹ የሚጋጠሙበት ላስቲክ) ይሄዳል፣ ከቡሹ ወደ ቻሲሱ፣ ከቻሲሱ ወደ ወንበሩ። መጨረሻው የእናትህ ወገብ ነው።

የሾፌሩን በር ክፈትና ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን እይ። የመኪናህ ልክ እዚያ ተጽፏል። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር ጎማው የሚችለው የመጨረሻው ነው እንጂ «ይህን ያህል ሙላኝ» ማለት አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው።

3116 ማለት ደግሞ በፈረንጅ 2016፣ 31ኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ቢኖርም ላስቲኩ እየደረቀ ነው። አሁኑኑ ጣለው አልልህም፤ ስትቀይር ግን ከሱ ጀምር።

ልጅ ከሞላሌ | ጥቅምት 15፣ ከጠዋቱ 2፡00

በሩ ላይ ፊት 29፣ ኋላ 32 ይላል። ወደዚያ ላውርደው?

ቁልፍ 14 | ጥቅምት 15፣ ከጠዋቱ 2፡15

እዚያ ድረስ አትውረድ። ያ ልክ የተጻፈው መኪናው ከፋብሪካ ይዞት ለወጣው ለስላሳ ጎማ ነው። ባለ 10 ፕላዩ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ትንሽ ከፍ ያለ አየር ይፈልጋል። ፊት 33፣ ኋላ 36 አድርገህ ጀምር። ሰባት ሰውና ሁለት ኩንታል ጤፍ የጫንክ ቀን ኋላውን ጨምርለት።

ደግሞ የራስህ መለኪያ ይኑርህ። የጎሚስታ መለኪያ ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ ሲወድቅ ነው የሚውለው።

የደሴ መስመር | ጥቅምት 15፣ ከቀኑ 8፡30

ልጆቼ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ ሾፌር ነኝ። ከአዲስ አበባ ደሴ 30 ዓመት ተመላልሻለሁ። ስለ ብሎን ከእናንተ አልበልጥም፤ ስለ ተሳፋሪ ግን የምለው አለኝ።

አንተ ልጅ፣ እናትህን የት ነው የምታስቀምጣት? በመስታወት አየኋት ስላልክ ከኋላ ናት ማለት ነው። የመጨረሻው ረድፍ ከሆነ ኃጢአት ነው። ከኋላ እግር በላይና ከዚያ ወዲያ ያለ ወንበር እንደ ጅራት ነው፤ ጉድጓድ ሲያገኝ ከሁሉም በላይ የሚወነጨፈው እሱ ነው። አውቶቡስ ላይ ነፍሰ ጡርና ታማሚ ሲሳፈር መሐል ነበር የምናስቀምጠው። በትንሽ መኪና ደግሞ አጠገብህ አስቀምጣት። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ፣ ጀርባውን ትንሽ ዘንበል። መንገዱን የሚያይ ሰው ጉድጓዱ ሲመጣ ሰውነቱ ቀድሞ ይሰናዳል። ዓይኑን የጨፈነ ሰው ግን ምቱ ሳያስበው ነው የሚያገኘው።

ሁለተኛው የእግርህ ነገር ነው። ድልድይ አፍ ላይ ፍሬን እንደረገጥክ አትግባ። ቀድመህ ያዝ፣ ፍጥነቱን ጨርስ፣ ልትደርስ ስትል ልቀቅ። ፍሬን የተያዘ መኪና አፍንጫው ይደፋል፤ የፊቱ ሞላ ምቱ ሳይመጣ ታምቆ ይጠብቃል፣ የኋላው ይቀልና ይነሣል። ያ «ዷ» ያልከው ከዚያ ይመስለኛል። ፍሬን ሳትይዝ አውርደው።

ልጅ ከሞላሌ | ጥቅምት 15፣ ከምሽቱ 1፡15

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልክ ነዎት፣ ከኋላ ናት። መሐለኛው ረድፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ፊት አልቀመጥም ብላ ነው። «ፊት ለወንድ ነው» ትላለች። እንዴት ላሳምናት?

የደሴ መስመር | ጥቅምት 15፣ ከምሽቱ 1፡40

«ሐኪሙ አዘዘ» በላት። ሐኪሙንም አስቀድመህ ጠይቀው፤ እውነት እንዲሆን።

የጂሩ ልጅ | ጥቅምት 16፣ ከጠዋቱ 4፡00

ስለ መሪው መንቀጥቀጥ እኔ ልናገር፤ በዚህ የተቃጠልኩ ሰው ነኝ።

የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ እነዋሪ አካባቢ ነው የምሠራው። የሞረትና ጅሩን መሬት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጥቁር ዋልካ ነው። ውሃ ስለሚይዝ ነው ገበሬው በሹርቤ (ውሃው እንዲወርድ ከፍ ባለ መደብ) የሚዘራው። ስንዴው ላይ የሚያምረው አፈር ጎማ ላይ ሲመጣ ሌላ ነገር ነው። እርጥብ ሆኖ ቸርኬው (የጎማው ብረት) ውስጠኛ ጎን ላይ ይለጠፋል፣ ሲነፍስበት እንደ ሸክላ ይደርቃል። ከውጭ ምንም አይታይም።

እኔ ሁለት ጊዜ ባላንስ አስደረግሁ፣ የጎማውን ክብደት አስመጣጠንኩ። አልሆነም። ቴስቲኒ (የመሪው ክንድ መገጣጠሚያ) አስቀየርኩ። አልሆነም። አንድ ቀን ጎማ ሲፈነዳብኝ አውልቄ ገልበጥ ባደርገው ውስጡ ግማሽ ክቡን ጭቃ ጋግሮበታል። በካቻቢቴ ፈለቀቅሁት። አንዷ ቁራጭ መዳፌን ሞላችው፤ ውስጧ ገለባ ሳይቀር ነበረበት። ባላንስ ላይ የሚለጠፉትን የእርሳስ ክብደቶች አይታችሁ ከሆነ በ5 ግራም ነው የሚቆጠሩት። መዳፍ ሙሉ ደረቅ ጭቃ ምን እንደሚያደርግ አስቡት።

ወንድሜ፣ «አንዳንድ ሳምንት የለም» ያልከው ያጠብክበት ሳምንት እንዳይሆን። መኪና የሚያጥቡ ልጆች የጎማውን ፊት ነው የሚያዩት። ውሃውን በውስጥ በኩል፣ ከሥር እንዲመቱት ቆመህ አሳይ። ደግሞ ባላንስ ከማስደረግህ በፊት እጠበው፤ ጭቃው እያለ ባላንስ ከተደረገ፣ ጭቃው የረገፈ ቀን መንቀጥቀጡ አዲስ ሆኖ ይመጣል።

ዝም ያለ አስፋልት | ጥቅምት 16፣ ከቀኑ 6፡20

እኔ ግን ሽጠው ባይ ነኝ። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ሆና በእንዲህ ዓይነቱ መኪና ከአንኮበር ሳመላልሳት አሳቀቀኝ። ሸጬ ቻሲስ የሌለውን፣ አካሉ አንድ ወጥ የሆነውን ገዛሁ። አራቱም እግር ለየብቻ ነው የሚሠራው። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላው አይሰማም። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ድፍን አክስል ያለው መኪና ላይ ግን አንዱ ጎማ ድንጋይ ሲወጣ ሌላውንም ይዞት ይነሣል። ይህን ምንም ጎሚስታ አያስተካክለውም።

ቁልፍ 14 | ጥቅምት 16፣ ከቀኑ 7፡00

ያልከው እውነት ነው፤ አስፋልት ለሚበዛው ሰው እኔም እሱን ነው የምመክረው። የልጅ ከሞላሌ ሁኔታ ግን ሌላ ነው። ክረምት ላይ ከሞላሌ ወጣ ብሎ ወዳለ ቤት የሚገባ መኪና ከሥሩ ከፍ ያለ፣ ከባድ ማርሽ ያለው መሆን አለበት። እኔ ጋራዥ በየክረምቱ ሥሩ ተላልጦ፣ የዘይት ቋቱ ተበስቶ የሚመጣውን አያለሁ። እናቱ በነሐሴ ብትታመም ማን ያደርሳታል? ድፍን አክስል ይነጥራል፤ ግን ያደርሳል። ንጥረቱን መቀነስ ይቻላል።

ልጅ ከሞላሌ፣ ቅዳሜ ይዘኸው ና። አብረን እናየዋለን። የማንኳኳቱ ነገር ቡሽ ይመስለኛል።

ጠባሴ | ጥቅምት 16፣ ከምሽቱ 2፡45

የፊዚክስ መምህር ነኝ። ስለ ጠዋቱ መነሣት ማንም አልተናገረም፤ ልግባበት።

ናፍጣ ሞተር ውስጥ የሚጭር ነገር የለም። አየሩ ሲታመቅ ይግላል፣ ናፍጣው በዚያ ግለት ይቀጣጠላል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። ስለዚህ ሞተሩ የሚያምቀው አየር ራሱ ያነሰ ነው። በላዩ ላይ የኅዳርን ውርጭ ጨምሩበት። አየሩ የሚፈለገውን ያህል ሳይግል ናፍጣው ይረጫል፤ ሳይቃጠል የወጣው ነው ነጭ ጭስ የሆነው። ሲሞቅ ከጠፋ ሞተሩ አልሞተም።

ለዚህ ነው ማሞቂያ ካንዴላዎቹ የሚያስፈልጉት። ከአራቱ ሁለቱ ቢሞቱ ሸዋ ሮቢት ላይ ላታውቀው ትችላለህ፤ እዚህ ግን በመጀመሪያው ጠዋት ይነግርሃል። እያንዳንዱን በመልቲሜትር ለካ፤ ደህናው ከ1 ኦም ብዙ አይርቅም፣ የተበጠሰው ምንም አያነብም። ካበራህ በኋላ የዳሽቦርዱ ቢጫ ጥምዝምዝ መብራት እስኪጠፋ ታገሥ። ብዙ ሰው አይታገሥም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከጥያቄህ ባይሆንም። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ራዲያተርህን ከመፍላት የሚያድነው የክዳኑ ግፊት ነው። የክዳኑ ጎሚኒ ካረጀ የጣርማበርን ዳገት ከደብረ ሲና በኩል ስትወጣ ታየዋለህ። ትንሽ ነገር ናት፤ ቀይራት። ባዶ ውሃም አትጠቀም፤ እዚህ ውርጩ በረዶ ይሠራል።

ልጅ ከሞላሌ | ጥቅምት 16፣ ከምሽቱ 3፡30

መምህር፣ አመሰግናለሁ። ስለ ሸዋ ሮቢት ካነሡ ልጠይቅ። እህቴ እዚያ ናት፤ እናቴ በብርዱ ወራት እሷ ጋ ትወርዳለች። ደብረ ብርሃን ላይ የለካሁት አየር ታች ሲደርስ ይቀየራል?

ጠባሴ | ጥቅምት 16፣ ከምሽቱ 3፡50

ይቀየራል፤ ግን አያሳስብ። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር አካባቢ ናት። ታች ያለው አየር ከውጭ ስለሚጫን መለኪያው ወደ 2 ያህል ቀንሶ ያነባል። ሙቀቱ ደግሞ መልሶ ያስጨምረዋል። ሁለቱ ስለሚካካሱ፣ እዚያ ካደርክ ጠዋት በቀዝቃዛው ለካውና አስተካክል።

የደሴ መስመር | ጥቅምት 16፣ ከምሽቱ 4፡10

አየሩን ተወውና ስለ ፍሬኑ ጠይቅ። ከጣርማበር ዋሻ ደብረ ሲና፣ ከዚያ አርማንያን ይዘህ ታች ድረስ ያለው ቁልቁለት ስንቱን ፍሬን አቃጥሏል። በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ፍሬኑን ይዞ መቆየት የለም፤ ያዝ፣ ቀንስ፣ ልቀቅ። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ከመጣ ደብረ ሲና ቁምና ቆሎ ግዛ። መኪናውም ይበርዳል፣ እናትህም ወገቧን ታሳርፋለች።

ቁልፍ 14 | ጥቅምት 16፣ ከምሽቱ 4፡25

ጋሼ እውነትዎን ነው። የፍሬን ዘይቱም ይቀየር። ከአየር እርጥበት ይመጥጣል፣ ከዓመት ዓመት የሚፈላበት ሙቀት እየወረደ ይሄዳል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ ይችላል፤ ውሃ የጠጣው 155 ድረስ ሊወርድ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ከፈላ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይገባል። በየሁለት ዓመቱ ቀይሩት።

ልጅ ከሞላሌ | ጥቅምት 22፣ ከምሽቱ 2፡00

ቅዳሜ ቁልፍ 14 ጋ ዋልኩ። ያገኘነውን ልንገራችሁ።

ጭቃው ነበረ። የጂሩ ልጅ፣ እጅሽ ይባረክ። ከፊት ቀኝ ጎማ ብቻ ሁለት እፍኝ ወጣ።

ከአራቱ ሾክ ያፈሰሰው አንድ ብቻ ነው፤ የኋላው ግራ። አካሉ ላይ ዘይት ወርዶ አቧራ ተጣብቆበታል። ሌሎቹ ደረቅ ናቸው። የኋላውን ጥንድ ቀየርን፣ የፊቱን ተውነው። ያንኳኳ የነበረው የአክስሉ መያዣ ክንድ ቡሽ ነው፤ ላስቲኩ ተቀዶ ብረት ከብረት ይማታ ነበር።

ያላሰብነው ደግሞ ሞላው ነው። የድሮው ባለቤት ለጭነት የተጠናከረ ሞላ አስገብቶበታል። ሽቦው ከመደበኛው ይወፍራል። እኔና እናቴን ብቻ ይዞ ሲሄድ ሞላው ጭራሽ አይሠራም ማለት ነው። መደበኛውን ያገለገለ ጥንድ አግኝተን ቀየርነው። ካንዴላዎቹም ተለኩ፤ አንዱ ሞቶ ነበር።

ቁልፍ 14 ሲሠራ ያየሁት አንድ ነገር አለ። አዲሶቹን ቡሾች አስገባ፣ ብሎኖቹን ግን አላጠበቃቸውም። መኪናውን ከክሪክ አወረደው፣ በጎማው ቆመ፣ ከዚያ ሥሩ ገብቶ ተንጋሎ አጠበቀ። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ እግሩ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ላስቲኩ መኪናው ሲወርድ ተጠምዝዞ ይቀራል አለኝ። የተጠመዘዘ ቡሽ ይደርቃል፣ ቶሎም ይቀደዳል። በፊት በሌላ ቦታ ያስቀየርኩት ለምን በስምንት ወር እንዳለቀ ያኔ ገባኝ።

የጂሩ ልጅ | ጥቅምት 22፣ ከምሽቱ 2፡20

እሰይ! ሁለት እፍኝ! እናታችን ስትሳፈር ንገረን።

ልጅ ከሞላሌ | ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 1፡30

ትናንት አመጣኋት። ፊት ተቀመጠች። ሐኪሙን አስቀድሜ ጠይቄው ነበር፤ «ፊት ትቀመጥ» ብሎ በራሱ አፍ አዘዘላት።

ያችው ድልድይ አፍ ላይ ጋሼ እንዳሉኝ ቀድሜ ያዝኩ፣ ለቀቅኩ። ፊቱ ገባ፣ ወጣ። ኋላው ተከተለ። ዷ የለም። ጋቢዋ ትከሻዋ ላይ ነበር፤ ወገቧ ሥር አልሄደም። ከመንገዱ ዳር ጭላዳዎች ሲግጡ አይታ ቆጠረቻቸው። ስለ ጎረቤት ሠርግ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ በጎቹ አወራችልኝ። ጣርማበር እስክንደርስ አላቋረጠችም።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ጠጠሩ ላይ ጭቃ ስለነበር አራቱንም እግር አስገብቼ ነበር፤ አስፋልት ላይ ማውጣቱን ረሳሁት። ስዞር መሪው ከበደኝ፣ ከሥር ቋ ቋ አለ። ጎዳሁት?

ቁልፍ 14 | ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 1፡50

ደስ ሲል! እናትህን ሰላም በልልኝ።

ያንተ መኪና በአራት እግር ሲገባ የፊቱና የኋላው አንድ ላይ ይታሰራሉ። ስትዞር ግን ፊቱ ከኋላው ረዘም ያለ መንገድ ነው የሚሄደው። ጭቃ ላይ ጎማው ተንሸራቶ ልዩነቱን ይለቀዋል፤ ደረቅ አስፋልት ላይ ስለማይንሸራተት ትራንስሚሽኑ ይጠመዘዛል። ድምፁ ያ ነው። ጥቂት መንገድ ከሆነ አልጎዳኸውም። አልወጣ ካለህ ቀጥ አድርገህ ትንሽ ወደ ኋላ ንዳው፤ ይለቃል።

ብቻ ቋ የሚለው በሁለት እግርም ከቀጠለ፣ በተለይ ከባክ ማርሽ ወደ አንደኛ ስትቀይር፣ ክሮቼራውን (ኃይል ወደ አክስሉ የሚያደርሰው ዘንግ መገጣጠሚያ) ላየው እፈልጋለሁ። ግራሶ ያለቀበት ይሆናል። እናታችን ለክትትል በምትመጣበት ቀን አምጣው፤ እሷ ሐኪም ጋ ስትገባ እኔ ሥሩ እገባለሁ።

ልጅ ከሞላሌ | ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2፡00

ታኅሣሥ 7 ነው ቀጠሮዋ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እንደርሳለን። አይብ ይዛልህ ትመጣለች፤ ከአሁኑ ወስናለች።